የእማማ የብስኩት ቆርቆሮ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ስጠብቅ ቆየሁ። «እማማ» ነበር የምላቸው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲያ በሌላ ስም ስጠራቸው ይቆጡ ነበር። ባለፈው ጥር አረፉ።

ከማረፋቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሣጥን አስወርደው ሰጡኝ። ውስጡ ወደ 140 የሚሆኑ ያረጁ ፖስታዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ደብዳቤያቸውም አብሮ አለ። «ልጄ ይጥላቸዋል፤ አንቺ ጋ ይቆዩ» አሉኝ። የምሠራበት ድርጅት ስጦታ መቀበል ይከለክላል፤ ወረቀት ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ቴምብራቸው የተለጠፈ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ተጭኖ የወጣ የሰው ራስ ነው፣ በጣት ሲነካ ጎበጥ ይላል። ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ቡናማ አለ። አንዱ ላይ ፈረሰኛና ባቡር አለ፣ 1776 እና 1876 ይላል። ጥቂቶቹ ምስሉ ላይ በጥቁር «2 ሳንቲም» ተደርቦባቸዋል። የባሌ ወንድም ሲያያቸው «ይሄ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው» አለና፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የ12ቱን ምስል በመቀስ ቆርጦ አወጣ፤ ቴምብር የሚሸጠው እንደዚያ ነው ብሎ። አንዱን ደግሞ የዌልስ ፋርጎ ስም ስላለበት «የባንክ ማስታወቂያ» ብሎ ቆሻሻ ውስጥ ሊጥለው ሲል ነጠቅኩት። አሁን ሁሉንም በ300 ዶላር የሚወስድ ሰው አግኝቷል፤ ሰውየው እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የምጠብቀው ብሏል።

ይህ አልበቃ ብሎ ባለፈው ሳምንት የእማማ ልጅ ደወለ። «የቅድመ አያቴ ደብዳቤዎች የት እንደገቡ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ደንግጬ «እስቲ ላስታውስ» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብናገር ሌባ እባላለሁ፣ እንጀራዬም ይቀራል። ዝም ብል እማማ ፊቴ ላይ ድቅን ይሉብኛል። ቆርቆሮው ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ምን ይሻለኛል?

ባለ ቆርቆሮዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

—

እህቴ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ እንዳይቀድመን ብዬ «አትሽጪ» የምትል አንዲት ቃል አስቀድሜ ልኬልሻለሁ። አሁን ሰፋ አድርገን እንጫወት።

«ሌባ» የምትለዋን ቃል ለጊዜው እናስቀምጣት። ለመስረቅ የፈለገ ሰው ቆርቆሮውን ማቀዝቀዣ ላይ ከምሮ በየቀኑ ሲተያይ አይውልም። አንቺ የደበቅሽው ዕቃ አይደለም፣ አንድ መልስ ነው፤ እሱም የአንድ ሳምንት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። በሳምንት የዘገየ መልስ ይቃናል። በዓመት የዘገየ ግን ሌላ ስም ያወጣል፤ የምቸኩልብሽም ለዚህ ነው።

እማማ ያሉሽን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። «ልጄ ይጥላቸዋል፤ አንቺ ጋ ይቆዩ።» ላንቺ ይሁኑ ማለት ነው? ወይስ አደራ ነው? እነዚህ ሁለቱ በኛ አገር ምን ያህል እንደሚራራቁ ታውቂያለሽ። እስቲ ቀኑን መልሰሽ አስቢው። ቆርቆሮውን ሲሰጡሽ ስለ ልጃቸው በምሬት ነበር የሚያወሩት ወይስ እንደ ቀልድ? በዚያ ሰሞን አእምሯቸው ንቁ ነበር? ሌላ የሰማ ሰው አለ? የምጠይቅሽ ለፍርድ ቤት ብዬ አይደለም፤ ቃሉን የሰማሽው አንቺ ስለሆንሽ መተርጎሙም በአንቺ ላይ ስለወደቀ ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እማማ የፈሩት ልጃቸው ይጥላቸዋል ብለው ነው። ልጁ ግን ደውሎ እየፈለጋቸው ነው። የፈሩት አልደረሰም ማለት ነው።

ወደ ስልኩ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን እንክፈተው፤ ምን እንደያዝሽ ሳታውቂ ስለሱ መነጋገር ይከብድሻል።

በእጅሽ ያሉት የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብሩን ራሱ አሳትሞባቸው የሸጣቸው ፖስታዎች ናቸው። ሰዉ ፖስታውንና ክፍያውን አንድ ላይ ገዝቶ ይሄድ ነበር። የተጀመሩት በፈረንጆች 1853 ነው፤ እኛ ጋ ካሳ ገና ቴዎድሮስ ተብለው ሳይነግሡ። የመጀመሪያውን ኮንትራት የያዘው ጆርጅ ኔዝቢት የሚባል የኒው ዮርክ አታሚ ነበር፣ እስከ 1870 ሠራ። ቀጥሎ ጆርጅ ሬይ፣ ከ1874 ጀምሮ ደግሞ የኮነቲከቱ ፕሊምፕተን ተረከቡት። ሰብሳቢዎች ሲነጋገሩ «ይሄ ኔዝቢት ነው፣ ያ ሬይ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው፤ እኛ ጥለትን በሸማኔው እንደምንለየው።

ምስሉ የወጣው ወረቀቱ በተቀረጸ ብረት ተጭኖ ነው። ቀለሙ ዙሪያውን ይይዛል፣ ራሱ ነጭ ሆኖ ይነሳል። እጅሽን ታጠቢና በደንብ አድርቂ፤ ከዚያ አንድ ጣትሽን ወደ ፖስታው ውስጥ ቀስ አድርገሽ አስገቢና ከምስሉ ጀርባ ዳሰስ አድርጊው። ከላይ ጎበጥ ያለው ከውስጥ ጎድጎድ ብሎ ከተሰማሽ በትክክል ተጭኖ የወጣ ነው። ከውስጥ ልሙጥ ከሆነ ተራ ኅትመት ነው።

ዘመኑን ለማወቅ የሚረዳሽ የደብዳቤ መላኪያ ዋጋው ነው። አንድ ተራ ደብዳቤ እስከ መስከረም 1883 ማብቂያ ድረስ 3 ሳንቲም ነበር። ከጥቅምት 1 ቀን 1883 ጀምሮ 2 ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በኅዳር 1917፣ ወደ 3 ወጣ፤ በሐምሌ 1919 ተመልሶ 2 ሆነ፤ በሐምሌ 1932 እንደገና 3። ወሮቹን በፈረንጆች ቁጠሪያቸው። በዚህ ስሌት አረንጓዴው ባለ 3 ከ1870 እስከ 1883 ያለው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቡናማው ባለ 2 ከሆነ ደግሞ ጸጉሩን እዪ፦ ወደ ላይ ቆሞ የተበጠረ ከሆነ ፕሬዚዳንት ጃክሰን ነው፣ የ1870ዎቹ ሥራ። ዋሽንግተን ከሆነ ከ1883 በኋላ ነው። በጥቁር «2 ሳንቲም» የተደረበባቸው ከጦርነቱ ማግስት የመጡ ናቸው። ዋጋው ሲወርድ ባለ 3 የሆነ ክምችት ስለተረፈ ከላዩ 2 አትመው ሸጡት።

ልቤን የሰቀለው ቀዩ ነው፤ ባለ 3 ከሆነ ምናልባት የመጀመሪያው የኔዝቢት ሥራ ነው። መስኮት አጠገብ ቁሚና ወደ ብርሃን ያዢው፤ ብር ስንቀበል ሐሰተኛ እንዳይሆን ወደ ብርሃን አድርገን የተደበቀውን ምስል እንደምንፈልገው ማለት ነው። በወረቀቱ ውስጥ በሰያፍ ያዘመሙ ቀጫጭን መስመሮችና «ፒ.ኦ.ዲ.» እና «ዩ.ኤስ.» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ከታዩሽ የድሮው ወረቀት ነው። ከዚያ ገልብጪና የጀርባውን ክዳን እዪ። ኔዝቢት መጀመሪያ ሰሞን የራሱን ስም የያዘች ክብ ማኅተም ክዳኑ ላይ ይጭን ነበር። ፖስታ ቤቱ የመንግሥት ፖስታ ላይ የግል ማስታወቂያ አይሆንም ብሎ በዚያው በ1853 አስቆመው። ያቺ ማኅተም ካለች ፖስታው ከጓደኞቹ በላይ ይፈለጋል። በቀዩ ዙሪያ «ሦስት» እና «ሳንቲም» የሚሉትን ቃላት የያዙት ጥብጣቦች ጫፋቸው ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጎበጥ ያለ? እዚህች ጫፍ ላይ ነው ተራው ከብርቁ የሚለየው። በስልክሽ አቅርበሽ ፎቶ አንሺው።

አሁን ወደ ባንክ ማስታወቂያው እንምጣ። የባልሽ ወንድም ሊጥለው የነበረው ምናልባት የቆርቆሮው አንደኛ ነው። ዌልስ ፋርጎ በ1852 ሲቋቋም የሚታወቀው በባንክ ብቻ አልነበረም፤ በካሊፎርኒያና በምዕራቡ አገር ወርቅ፣ ዕቃና ደብዳቤ የሚያመላልስ ድርጅት ነበር። ሕጉ ግን ደብዳቤ በግል ድርጅት እጅ ቢሄድም የመንግሥት ክፍያ አይቀርም ይላል። ስለዚህ ድርጅቱ ቴምብር የታተመባቸውን የመንግሥት ፖስታዎች ገዝቶ የራሱን ስም ከላይ እያተመ ይሸጥ ነበር፤ ይህ አገልግሎቱ እስከ 1895 ዘልቋል። እነዚህን ለብቻ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የድርጅቱ የከተማ ማኅተም በጉልህ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል። አንቺ ከቆሻሻው ባትነጥቂው ኖሮ! (አማቾችን ማማት ነውር ነው፤ እኔ አላማሁም።)

ስለ ገንዘቡ ሳላዳንቅ ልንገርሽ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ባለ 2 ዋሽንግተኖች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ በየአውደ ርዕዩ በካርቶን ተደርድረው በአንድ ዶላርና ከዚያም በታች ይሸጣሉ። ተራው አረንጓዴ ጥቂት ዶላር ያወጣል። ፈረሰኛና ባቡር ያለበት በ1876 በፊላደልፊያ ለተደረገው የመቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን የወጣ ነው፣ ንጹሕ ከሆነ በአሥሮች ዶላር ሊቆጠር ይችላል። ጥቁር ከተደረበባቸው አብዛኞቹ ተራ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ውድ ናቸው፣ ውድ ስለሆኑም በሐሰት የሚያትሙ አልጠፉም፣ ስለዚህ ያለ ምስክር ወረቀት አይታመኑም። የቀዩና የዌልስ ፋርጎው ዋጋ እንደ ዓይነቱና እንደ ማኅተሙ ከአሥሮች እስከ መቶዎች ይሄዳል። ስለዚህ የባልሽ ወንድም «በሺዎች» ያለው ሳይበዛ አይቀርም። የገዢው 300 ደግሞ ሁለቱ ብቻ ጥሩ ቢሆኑ እንኳ ትንሽ ሊሆን ይችላል። «እስከ ቅዳሜ» የሚል ገዢ ለእሱ የሚቸኩልበት ነገር አይቷል ማለት ነው፤ መቶ ዓመት የቆየ ወረቀት እስከ ሰኞ ቢቆይ ምን ይሆናል?

ዋጋ የሚሰጠው ምስሉ ብቻ አይደለም። የፖስታ ቤቱን ማኅተም አንብቢ። ዳኮታ፣ አሪዞና፣ ዋዮሚንግ ክፍለ ሀገር ሳይሆኑ «ቴሪቶሪ» በሚባሉበት ጊዜ የተመታ ማኅተም ተራውን ፖስታ ብርቅ ያደርገዋል። በ1870ዎቹ ማኅተሞች ብዙዎቹ ቀንና ወር እንጂ ዓመት የላቸውም፤ ግራ አይግባሽ፣ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ዓመቱን ይነግርሻል። ለዚህም ነው ደብዳቤና ፖስታ የማይለያዩት። ደግሞ የቀኝ ጠርዙን እዪ፤ ብዙ ሰው ፖስታ የሚከፍተው በስተቀኝ ቀዶ ነበር፣ ያ ዋጋ ይቀንሳል።

መቀሱን በተመለከተ፣ የሆነው ሆኗል። እኔም በልጅነቴ ከአባቴ ደብዳቤዎች ላይ ቴምብር በውኃ እያራስኩ ስነቅል አድጌያለሁ፤ ዛሬ ቴምብሮቹ አሉ፣ ከየት እንደመጡ ግን የሚነግረኝ የለም። የባልሽ ወንድምም ያደረገው ድሮ ሰብሳቢዎች ራሳቸው የሚያደርጉትን ነው፤ አራት ማዕዘን ተቆርጠው የሚሸጡ ምስሎች ዛሬም በካታሎግ ዋጋ አላቸው። ሙሉው ፖስታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፣ ማኅተሙም አብሮ ተቆርጦ ከሆነ ታሪኩ ለሁለት ተከፍሏል። 12ቱን ቁርጥራጭ ከየተቆረጡበት ፖስታ ጋር አገናኝተሽ ጥንድ ጥንዱን በየብቻው አስቀምጪ። በፕላስተር አትለጥፊ፣ በሙጫም አትሞክሪ። የቀሩትን በውኃ አታርሺ፣ ለማቃናት ብለሽ በካውያ አትተኩሺ፣ ከባድ መጽሐፍም አትጫኚባቸው፤ ጎበጥ ያለው ምስል ከተደፈጠጠ የሚመለስበት መንገድ የለም። በእርሳስ የተጻፈ ነገር ካለ አትደምስሺ።

ቆርቆሮውንም ከማቀዝቀዣው ላይ አውርጂው። እዚያ ከታች ሙቀት፣ ከጎን የወጥ እንፋሎት፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የቡና ጭስ አለ። ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ቁም ሣጥን ይሻለዋል። አሲድ የሌለው ወረቀት ወይም ለቴምብርና ለፎቶ ማኅደር የሚሸጠውን ጥርት ያለ ማቀፊያ ግዢ፤ የሚሸተውና የሚያጣብቀው ላስቲክ ይቅር።

የባልሽን ወንድም አታስቀይሚው። «የባለቤትነቱ ጉዳይ ስላልጠራ የምሸጠው የለኝም፤ ለሰውየው ይቅርታ በልልኝ» ካልሽው ነገሩን ከሱ ላይም ከአንቺም ላይ ታነሺዋለሽ። ባልሽስ ምን ይላል? ደብዳቤሽ ውስጥ አንዴም አልመጣም። ሌሊት የምትነቂው ብቻሽን ከሆነ ዛሬ ንገሪው።

አሁን ስልኩ። በጽሑፍ ሳይሆን ደውለሽ፣ ረጅም ማብራሪያ ሳታበዢ። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ባለፈው ስትጠይቀኝ ደንግጬ ነው። ደብዳቤዎቹ እኔ ጋ ናቸው። እናትህ ከማረፋቸው በፊት ይጣላሉ ብለው ፈርተው ሰጡኝ። አንዳንዶቹ በቤተሰቤ ሰው እጅ ተቆርጠዋል፣ በዚህ አዝናለሁ። መጥተህ እይልኝ ወይም ላምጣልህ።» የተቆረጡትን አትደብቂ፤ በኋላ ራሱ ከሚያገኘው ከአንቺ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ይቆጣ ይሆናል። ሊቆጣ ይችላል፣ እናቱን ከቀበረ ገና ወራት ነው። ሊያለቅስም ይችላል፤ ለዚያም ተዘጋጂ።

ከመገናኘታችሁ በፊት እያንዳንዱን ፖስታ ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ከ1 እስከ 140 ቁጥር ስጪ፤ ቁጥሩ ማቀፊያው ላይ እንጂ ወረቀቱ ላይ አይጻፍ። ይህ ዝርዝር ላንቺ ጋሻ ነው፣ ለሱ ደግሞ ስጦታ። ለድርጅትሽም ከእሱ ጋር እንደተነጋገርሽ፣ ራስሽ፣ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ከሌላ ሰው ሲሰሙና ከአንቺ ሲሰሙ አንድ አይደለም። ሥራሽን የሚነካ ነገር ከመጣ ደግሞ በየአካባቢው ያሉትን ነጻ የሕግ ምክር ሰጪዎች ሳታማክሪ ምንም ነገር ላይ አትፈርሚ።

እሱ «አንቺው ያዣቸው» ቢልሽ በሁለት መስመር ጽፎ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። «መልሺ» ቢል በሙሉ ልብ መልሺ። መካከለኛም መንገድ አለ፦ ደብዳቤ ያለባቸው ወደ ቤተሰቡ ሄደው ባዶዎቹ አንቺ ጋ ሊቀሩ ይችላሉ። አንዲት ፖስታ ለማስታወሻ ብትቀርሽ የትኛዋን ትመርጫለሽ? ሳትደውዪ በፊት ወስኚ፤ ሲጠይቅሽ «ምንም» ብለሽ በይሉኝታ እንዳትወጪ።

መሸጥ የሚቻል ሆኖ ከተገኘም የሚገምተውና የሚገዛው አንድ ሰው አይሁን። መጀመሪያ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሂጂና ስኮት የተባለውን የአሜሪካ ቴምብሮች ልዩ ካታሎግ ጠይቂ፤ እነዚህ ፖስታዎች «ዩ» በሚል ፊደል የሚጀምር ቁጥር አላቸው፣ የተቆረጠውና ሙሉው ዋጋቸው ለየብቻ ነው። ካታሎግ ላይ ያለው ዋጋ ግን እጅሽ የሚገባው አይደለም፤ ነጋዴ የሚከፍልሽ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። በተለይ እነዚህን ብቻ የሚያጠና «ዩናይትድ ፖስታል ስቴሽነሪ ሶሳይቲ» የሚባል ማኅበር አለ። ፔንሲልቬንያ፣ ቤለፎንት ያለው የአሜሪካ ቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበርና ኒው ዮርክ ያለው ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን ደግሞ መርምረው ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ያስከፍላሉ፣ ስለዚህ ለቀዩና ለዌልስ ፋርጎው እንጂ ለሁሉም አይደለም።

አንድ ቀን እረፍት ስታገኚ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ የሜትሮ መስመር ዩኒየን ስቴሽን ውረጂ። ጎኑ ላይ የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የፖስታ ሙዚየም አለ፣ መግቢያው በነጻ ነው። ዋጋ አይገምቱልሽም፣ ሥራቸው አይደለም። ግን ከመስታወት ጀርባ ያስቀመጡትን አይተሽ ስትመለሺ ቆርቆሮውን በሌላ ዓይን ታዪዋለሽ። የእማማ ልጅ ከፈቀደ ከሱ ጋር ብትሄዱ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነበር።

ከደወልሽለት በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። ቀዩን ወደ መስኮት አድርገሽ ስታዪውም ፊደሎቹ ወጥተው እንደሆነ ንገሪኝ፤ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ።